የአያት ሽጉጥ ይታደስ ወይ?

ወጣቶች፣ በዚህ ዕትም የምጽፍላችሁ ስለ አንድ አሮጌ ሽጉጥ ነው። «የቤተ ክርስቲያን መጽሔትን ከሽጉጥ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። ጥያቄው ግን ከሽጉጡ ይሰፋል። ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች የተጠቀሙበትን፣ አርጅቶና ተጎድቶ እጃችን የገባውን ነገር እንደ አዲስ የማድረግ መብት አለን ወይ? ብናደርገውስ የምናጠፋው ምንድን ነው?

ጥያቄውን ያመጣው ከአዳማ ወጣቶቻችን አንዱ ነው። (ቤተሰቡ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) አባቱ ሲያርፉ ከሣጥን ውስጥ የአያቱ ሽጉጥ ወጣ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተማረከ ስድስት ጎራሽ። የአፈሙዙ ጫፍ ከቆዳ ማኅደሩ ሲወጣና ሲገባ ተልጦ ነጭ ሆኗል። ጎኑ ላይ ቀይ ዝገት ጀምሮታል። የእንጨት እጀታው ተሰንጥቆ በመዳብ ሽቦ ተጠፍሯል። ጋራዥ ያለው ታላቅ ወንድሙ «አስፍቄ ኒኬል አስነክረዋለሁ፣ እጀታውንም በአዲስ እለውጠዋለሁ፣ ከዚያ ሳሎን መስታወት ውስጥ ይቀመጣል» ይላል። እናታቸው «ከቤቴ ይውጣልኝ» ብለዋል። ታናሹ፣ የእኛው ልጅ፣ እንዳለ ይቀመጥ ባይ ነው። እኔን የጠየቀኝ «ማሳደሱ ኃጢአት ነው እንዴ?» ብሎ ነው።

በአንድ ቃል መልሼለት ብሸኘው ለሁለታችንም ይቀል ነበር። ግን ጥያቄው በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም።

አስቀድሞ የሕጉ ነገር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። «የአያቴ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ለፖሊስ ማሳወቅ ከማንኛውም ውይይት ይቀድማል። እነዚህ ወንድማማቾች ያንን አድርገዋል፤ ስለዚህ ወደ ዋናው እንለፍ።

ለመፍረድ መጀመሪያ ማሳደስ ሲባል ምን እንደሚደረግ ማወቅ ያስፈልጋል። በድሮ ሽጉጦች ላይ የምናየው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር መልክ ቀለም አይደለም። ዝገት ነው። የጥንቱ ባለሙያ ብረቱን ሆን ብሎ ያዝገዋል፤ ከዚያ በፈላ ውሃ ይቀቅለዋል። ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ይለወጣል። ያልያዘውን በቡሩሽ ያራግፋል፤ ይህንኑ ደጋግሞ ያደርጋል። በመጨረሻ የሚቀረው ስስ ጥቁር ልባስ ዘይት ይይዛል፣ ብረቱንም ከቀዩ ዝገት ያግዛል። ኬሚስትሪ የምትማሩ ታውቁታላችሁ፤ ሁለቱም ብረትና ኦክስጅን ናቸው። አንዱ ብረቱን ይበላዋል፣ ሌላው ይጠብቀዋል።

ታዲያ «እንደ አዲስ» ለማድረግ ሁለቱንም ማጥፋት ግድ ነው። ኒኬልም ሆነ አዲስ ጥቁር ልባስ በደንብ የሚይዘው ንጹሕ ብረት ላይ ነው። ዝገቱ የቦረቦረው ጉድጓድ እንዳይታይ ደግሞ ዙሪያው ያለው ጤነኛ ብረት እስከ ጉድጓዱ ወለል ድረስ መፋቅ አለበት። በዚህ ጊዜ ሹሉ ማዕዘን ይዶለዱማል፤ በብረቱ ላይ የተመታው የፋብሪካ ስምና ቁጥር ይሳሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። የተፋቀ ብረት ተመልሶ አይለጠፍም። የሙዚየም ባለሙያዎች እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገጥማቸው በአብዛኛው ቀዩን ዝገት አስቁመው፣ የቀረውን እንዳለ የሚተዉት ለዚህ ነው።

የሚሳሳው ጽሑፍ ደግሞ ተራ ነገር አይደለም። ይህ ሽጉጥ ቦዴኦ የሚባለው፣ የጣሊያን ጦር እ.ኤ.አ. በ1889 የተቀበለው ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት ሁለት መልክ ነበረው። ለተራው ወታደር የሚታደለው አፈሙዙ ባለ ስምንት ማዕዘን፣ ቃታውም ወደ ፊት የሚታጠፍ ነው። የመኮንኑ አፈሙዝ ድቡልቡል ሲሆን ቃታውን የሚከልል ቀለበት አለው። በቤተሰቡ ዘንድ ሲነገር የኖረው «አያታችን ከአንድ ኮሎኔል ላይ ነው የማረኩት» የሚል ነው። ቃታው ግን ይታጠፋል፣ አፈሙዙም ስምንት ማዕዘን ነው። ኮሎኔሉ በየዓመቱ በቡና ላይ ማዕረግ እየጨመረ የመጣ ይመስለኛል። በዚህ አያታቸው አያንሱም፤ አምስቱን ዓመት ዱር ውሎ ማደር በራሱ በቂ ነው። ነገር ግን ተመልከቱ፤ ሰው የረሳውን ወይም ያስዋበውን ብረቱ እንዳለ ይዞታል። ማዕዘኑ ተፍቆ ቢሆን ኖሮ ይህን ማን ያርመው ነበር?

አሁን ለታላቅ ወንድምየው ልከራከርለት፤ ክርክሩ የሚናቅ አይደለምና። «አያቴ ራሱ ቢሆን ያሳድሰው ነበር» ይላል። «ለእሱ ቅርስ ሳይሆን መሣሪያ ነበር። በየሳምንቱ በዘይት ይወለውለው ነበር። የቤታችን ቆርቆሮ ሲዝግ እንለውጣለን፣ መኪና ሲላላጥ እናስቀባለን። ዝገቱን እያዩ ዝም ማለት አክብሮት ሳይሆን ስንፍና ነው።» እውነት አለው። ቅድመ አያቶቻችን ዕቃቸው ላይ ያለውን ጭረት የሚያመልኩ ሰዎች አልነበሩም። ማረሻ ሲዶለዱም ያስመቱ ነበር፤ ሞፈር ሲሰበር ይለውጡ ነበር።

መልሴ ያለው እዚያው እሱ በሰጠው ምሳሌ ውስጥ ነው። ቆርቆሮው ዛሬም ዝናብ ይከላከላል፣ ማረሻውም ያርሳል። ሥራ ላይ ያለ ነገር ሥራውን እንዲሠራ መታደሱ ተገቢ ነው። የዚህ ሽጉጥ ሥራ ግን አብቅቷል፤ ማብቃቱንም አጥብቀን እንመኛለን። ከእንግዲህ የሚቀረው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ምስክርነት። ምስክርን ደግሞ ፊቱን አጥበን፣ ሱፍ አልብሰን፣ የሚናገረውን አስጠንተን አናቀርብም።

በደርግ ዘመን ወንጌላውያን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ሸሽገው ያነቡ እንደነበር ከታላላቆቻችሁ ሰምታችኋል። እንዲህ ያለ ጠርዙ የተበላ፣ እርጥበት ያበለዘው መጽሐፍ ቤታችሁ ካለ ቅጠሉ እንዳይበታተን ታስሰፉታላችሁ። የበለዘውን ገጽ አውጥታችሁ ግን አዲስ ገጽ አትከቱበትም። ልዩነቱን ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው። ግን መጽሐፍ ቅዱስና ሽጉጥ አንድ አይደሉም፤ በሽጉጡ የሞተ ሰው አለ።

እናታቸው «ይውጣልኝ» ያሉበትን ምክንያት ልጆቹ የሴት ፍርሃት አድርገው አልፈውት ነበር። እርሳቸው ግን ከባለቤታቸው የሰሙት ነገር አለ። ጣሊያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ፣ አያትየው አርሲ ውስጥ እርሻ ላይ ሳሉ፣ በድንበር ጠብ ጎረቤታቸውን የገደሉት በዚሁ ሽጉጥ ነው። ሽማግሌዎች ገብተው፣ ጉማ ተከፍሎ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ታረቁ። (ጉማ የማታውቁ ካላችሁ፣ ደም ሲፈስ በኦሮሞ ሥርዓት ሽማግሌዎች ሟችና ገዳይ ወገኖችን የሚያስታርቁበት፣ የገዳይ ወገን ካሣ የሚከፍልበት ሥርዓት ነው።) እርቁ በተፈጸመበት ቀን አያትየው ሽጉጡን ድንጋይ ላይ ወረወሩት፤ እጀታው ተሰነጠቀ። ኋላ በመዳብ ሽቦ ጠፈሩት እንጂ አላስለወጡትም፤ ከዚያ ወዲያም አልታጠቁትም ይባላል።

እንግዲህ አስቡት። ታላቅ ወንድም ከሁሉ አስቀድሞ አውልቆ ሊጥለው ያሰበው ያንን እጀታ ነበር። ከዕቃው ሁሉ አስቀያሚው እሱ ነው፤ ከዕቃው ሁሉ የአንድን ሰው ንስሐ የያዘውም እሱ ብቻ ነው። ኒኬል ቢነከር ኖሮ የጀግንነቱ ታሪክ በሳሎን ያብረቀርቅ ነበር፤ የጎረቤቱ ደም ግን ከሽቦው ጋር ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ይገባ ነበር። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ በሁለት ቀን የጋራዥ ሥራ።

ይህ ነገር ከአንድ ቤተሰብም ያልፋል። በታሪካችን ከሁሉ የታወቀው ሽጉጥ የአፄ ቴዎድሮስ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስሏ ለፕላውደን ስላሳዩት ወዳጅነት በስጦታ የላከችላቸው ነበር። ኋላ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥቲቱ የጻፉት ደብዳቤ ምላሽ አጣ፤ ነገሩ ከሮ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ድረስ መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ እጅ ከመስጠት ራሳቸውን የገደሉት በዚያው የስጦታ ሽጉጥ እንደሆነ ተጽፏል። ያ ብረት ወዳጅነትንም፣ የተናቀ ደብዳቤንም፣ ሞትንም ይዟል። ወዳጅነቱን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን የሚፍቅ ሞረድ የለም።

ታናሽ ወንድምየው ይህን ስነግረው «እንግዲያው እኔ ልክ ነበርኩ፣ እንዳለ ይቀመጥ» አለኝ። ለእሱም ቢሆን ቶሎ አልሰጠሁትም። መታሰቢያ ተብሎ የተቀመጠ መሣሪያ ሁልጊዜ መታሰቢያ ሆኖ አይቀርም። 1ኛ ሳሙኤል 21ን አንብቡ። ዳዊት ከጎልያድ የወሰደው ሰይፍ በኖብ፣ በካህናቱ ዘንድ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከኤፉዱ በስተ ኋላ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ የተሻለ የመታሰቢያ ስፍራ ከየት ይገኛል? ግን ዳዊት ሲሸሽ መጥቶ መሣሪያ ጠየቀ፤ ያለው እሱ ብቻ ነበርና ወሰደው። ምዕራፍ 22 ላይ ሳኦል ካህኑን ሲከስስ ሰይፍ መስጠቱንም ይጠቅሳል፤ በዚያን ቀን ሰማንያ አምስት ካህናት ተገደሉ። ካህኑ ክፉ አላደረገም፤ ጥፋቱ የሳኦል ነው። ቢሆንም የመታሰቢያው ሰይፍ ስለት አልጠፋም ነበር፤ እጅ ሲፈልገው ተገኘ። ብልጭልጭ መሣሪያ ደግሞ ከተጠቀለለው ይልቅ እጅ ይጠራል። ሳሎን መስታወት ውስጥ የሚያብረቀርቅ ሽጉጥ የአሥራ አራት ዓመት ልጅን ምን እንደሚለው የወጣቶች አስተማሪ ሆኜ ስገምት፣ እናትየው ከሦስቱም ይልቅ ሩቅ ያዩ ይመስለኛል።

«ታዲያ ይቅለጥና ማጭድ ይሁን» የሚል ኢሳይያስ 2ን የሚጠቅስ ወጣት ደግሞ አለ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በአካባቢያችን መልኩን አይተነዋል። ከአዳማ ብዙ የማይርቀው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጣሊያን ለወረራው በከፈለችው የጦር ካሣ ገንዘብ ተሠርቶ ነው። የጦርነት ዕዳ መብራት ሆነ። ስለዚህ ይህ ሽጉጥ ቢቀልጥ አላዝንም። በግልጽ ልናገር፦ ኒኬል ከሚነከር ቢቀልጥ እመርጣለሁ። ማቅለጥ «ይህ ነገር ከእንግዲህ አይኑር» ይላል፤ ኒኬሉ ግን «ምንም አልሆነም» ይላል። ከትንሣኤ በኋላ ጌታ ለቶማስ ያሳየው እጅ እንኳ ምልክቱ አልጠፋበትም።

የእኔ ምክር ግን መሃል ላይ ነው። ቀዩ ዝገት ይቁም፤ ለዚያ ሞራጅ ማሽን አያስፈልግም፤ ለስላሳ ጨርቅና ቀጭን የማሽን ዘይት በቀስታ ብዙ ይሠራል። ጥቁሩ አይነካ። ሽቦው አይፈታ። ሳሎን አይውጣ። በቤት ይቆይ ወይስ ለመንግሥት ይሰጥ የሚለውን እናትየው ይወስኑ፤ በዚያ ጣሪያ ሥር ትልቋ እርሳቸው ናቸው። የትም ቢሄድ ግን ታሪኩ በወረቀት ተጽፎ አብሮት ይሂድ፤ የዱሩም፣ የድንበሩም፣ የጉማውም። የተገደለው ጎረቤት ስምም ይጻፍ። እስካሁን በዚያ ቤት ስሙን የሚያውቅ የለም።

የሚያውቁት አክስታቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። እርቁ ሲፈጸም ልጅ ነበሩ፤ በዓይናቸው አይተዋል። አሁን ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ የሚኖሩት አሰላ ነው። ከአዳማ መናኸሪያ በጠዋት የተነሣ ሰው ከምሳ በፊት እቤታቸው ይደርሳል። ሁለቱም ወንድማማቾች አንድ ላይ እንዲሄዱ፣ ደብተርም እንዲይዙ ነግሬያቸዋለሁ። ሽጉጡን እቤት ትተው።