ወደ ፍርድ የሚወስደው መንገድ

እግዚአብሔር በሙሴ አማካይነት ለእስራኤል የመማፀኛ ከተሞችን በሠራላቸው ጊዜ ከተሞቹን መለየት ብቻ ይበቃል አላለም። በኦሪት ዘዳግም በ19ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ ሳያስበው ነፍስ ያጠፋ ሰው የሚሸሽባቸውን ከተሞች ሲለዩ መንገዱንም እንዲያዘጋጁ አዘዛቸው። ስለ ከተሞቹ የሚያስተምር መምህር ብዙ ነው፤ ስለ መንገዱ የሚያስተምር ግን ጥቂት ነው። ከተማ መሥራት ሹምን ያስመሰግነዋል፤ መንገድ የጠረገውን ማን ያየዋል? ዳሩ ግን ደም ተበቃዩ በጎዳናው አድብቶ ከጠበቀ የከተማው በር ክፍት መሆኑ ለሸሹ ሰው ምን ይረባዋል?

የመማፀኛው ከተማ ወንጀለኛን የሚሰውር ዋሻም አልነበረም። ኦሪት ዘኍልቍ በ35ኛው ምዕራፍ ምክንያቱን ሲገልጥ፥ ገዳዩ በማኅበሩ ፊት ለፍርድ ሳይቆም እንዳይሞት ነው ይላል። ስለዚህ ወደዚያ መሸሽ ከፍርድ ማምለጥ ሳይሆን ለፍርድ መድረስ ነበረ። በዚያው ምዕራፍ ሥርዓቱ ለእስራኤላዊው ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ለሚኖረው መጻተኛም እንዲሆን ታዝዟል።

ይህን ሕግ ያነሣነው ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በስደት በሚኖሩበት በአሜሪካ ከተነሣ አንድ ጥያቄ የተነሣ ነው። ሰው ስለ አንድ ጉዳይ ዳኛ ፊት ሊቀርብ ሲመጣ፥ የመኖሪያ ፈቃድ የለህም ተብሎ በፍርድ ቤቱ ደጅ ቢያዝ ይህ ጽድቅ ነውን? በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት በፍርድ ቤቶች አካባቢ እንዲህ ያለውን መያዝ ይገድብ የነበረውን የ2013 ዓ.ም. መመሪያ ሻረ፤ አብያተ ክርስቲያናትን፥ ትምህርት ቤቶችንና ሐኪም ቤቶችን ይጠብቅ የነበረውንም አነሣ። ከግንቦት ወር ጀምሮ በኒውዮርክና በሌሎች ከተሞች ለቀጠሯቸው የመጡ ስደተኞች ከችሎት ሲወጡ በመተላለፊያው ተያዙ። አንዳንድ ጊዜ የመንግሥቱ ጠበቃ ራሱ ክሱ እንዲዘጋ ይጠይቃል፤ ሰውየውም ተለቀቅሁ ብሎ ሲወጣ በር ላይ የቆሙት ይይዙታል፤ ጉዳዩ ከዳኛው እጅ ወጥቷልና ችሎት በማያይበት በአጭር ሥርዓት ሊያባርሩት ይፈልጋሉ። ፈርቶ ቢቀር ደግሞ በሌለበት እንዲባረር ይፈረድበታል። ቢመጣ ይያዛል፤ ባይመጣ ይፈረድበታል።

ይህ ስለ ስደተኞች ጉዳይ በተለየው ችሎት የሚደረገው ነው። ባሏ የደበደባት ሚስት፥ ደመወዙን የተከለከለ ሠራተኛና ምስክር በሚቀርቡባቸው ተራ ፍርድ ቤቶችም እንዲህ ያለ መያዝ ሲደረግ ቆይቷል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ዋና ዳኛ የነበሩት ታኒ ካንቲል ሳካውዬ ፍርድ ቤት የሰው ማጥመጃ እንዳይሆን ለመንግሥት ጽፈው ነበር። የኒውዮርክ ግዛትም በ2013 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ፥ ወደ ፍርድ ቤቶቿ የሚመጣ ሰው ሲሄድም፥ በዚያ ሲቆይም፥ ሲመለስም ዳኛ የፈረመበት ትእዛዝ ከሌለ በስደት ጉዳይ እንዳይያዝ ከለከለች። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ከእንግሊዝ የቆየ የፍርድ ልማድ የመጣ ነው። መሄድንና መመለስን ማንሣቱን ልብ እንበል፤ የኦሪቱ መንገድ ይኸው ነውና።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ሕግ የጣሰ ሰው በተገኘበት ቢያዝ ምን በደል አለበት? ይላሉ። መጽሐፍም የሚደግፋቸው ይመስላል። ኦሪት ዘፀአት ሆን ብሎ የገደለውን ከመሠዊያው እንኳ እንዲወስዱት ያዝዛል፤ ኢዮአብም የመሠዊያውን ቀንድ ይዞ ሳለ በሰሎሞን ትእዛዝ ተገድሏል። ሐዋርያው ጳውሎስም ባለ ሥልጣንን እንድናከብር ያስተምራል። እኛም አገር ድንበሯን አትጠብቅ፥ ፈቃድ የሌለውን አትጠይቅ አንልም። ነገር ግን ኢዮአብ ወደ መሠዊያው የገባው ከፍርድ ሊያመልጥ ነው፤ ይህኛው ግን ወደ ችሎት የመጣው ዳኛ ጠርቶት ነው። የታዘዘውን በመታዘዙ የሚጠመድ ከሆነ መታዘዝን ራሱን እንደ በደል መቍጠር ይሆናል። ሹም ሰውን የሚይዝበት ሌላ ቀንና ሌላ ቦታ አለው፤ ፍርድ ግን ሌላ ደጅ የለውም።

ጉዳቱም በተያዘው ሰው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ይልቁንም ከሁሉ የሚከፋው ሳይመጣ በቀረው ላይ ያለው ነው። በእኛ በጮሌ አንድ ገበሬ ስለ ጎረቤቱ ድንበር ሊመሰክር ከደጋው ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ቢወርድና የማዳበሪያ ዕዳ አለብህ ተብሎ በደጁ ቢያዝ፥ በሚቀጥለው ቀጠሮ ከዚያ ቀበሌ ማን ይመሰክራል? ዕዳው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። መሬቷን የተቀማችው መበለት ግን ምስክሯን አጣች፤ ቀማኛውም ያለ ሙግት ረታ። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች የሚለው የአባቶች ቃል ለእንደዚህች ያለች ሴት ነው።

የአባቶቻችን ልማድም ይህን ያውቅ ነበር። በሕግ አምላክ! ሲባል የተቈጣ ሰው እጁን ይሰበስባል፤ ከሳሽና ተከሳሽም ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር የምትቀበለው የሲንቄ በትር አለ፤ እርሱን ይዛ በሚጣሉት መካከል ስትቆም አልፎ የሚመታ የለም። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩትም፥ በ7ኛው መቶ ዓመት የቁረይሽ መልእክተኞች እጅ መንሻ ይዘው መጥተው ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጧቸው በለመኑ ጊዜ፥ የአክሱሙ ንጉሥ ቃላቸውን ሳልሰማ አልሰጥም ብሎ አስጠርቶ ሰማቸው። መጠጊያ ከመስጠቱ ይልቅ አስቀድሞ መስማቱ የሚያስደንቅ ነው።

ነገሩ ሩቅ የሚመስለው ካለ ከአርሲ ወደ ዐረብ አገር የሄዱትን ሴቶች ልጆቻችንን ያስብ። ከፈላ በሚባለው ሥርዓት ሠራተኛዪቱ የምትኖረው በአሠሪዋ ስም ነው። ደመወዜን ከለከለኝ ብላ ለመክሰስ ከቤቱ ብትወጣ፥ አሠሪው ጠፍታለች ብሎ ያመለክትባታል፤ በሳዑዲ ዐረቢያ ይህ ሁሩብ ይባላል፤ በዚህም ተበዳይዋ ተፈላጊ ልትሆን ትችላለች። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከዚያ ሲመለሱ ላባቸውን ሳይቀበሉ የመጡ ብዙዎች ነበሩ። ያዕቆብ ሐዋርያ ወደ ጌታ ይጮኻል ያለው የሠራተኛ ደመወዝ ይህን የመሰለው ነው።

በአገራችን ሕገ መንግሥቱ በ37ኛው አንቀጽ ጉዳይን ለፍርድ ቤት የማቅረብን መብት ሲሰጥ ማንኛውም ሰው ይላል እንጂ ዜጋ አይልም። መልካም ቃል ነው። ግን የተጻፈው የከተማው በር ነው፤ መንገዱን የሚጠርጉት ፖሊሱ፥ የቀበሌው ሹምና ጎረቤት ናቸው።

ደጁን የሚዘጋ ሰውም ነገ ምን እንደሚደርስበት አያውቅም። የንጉሡ የአርቃዴዎስ ባለሟል የነበረው አውትሮጲዮስ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን እንዳይማፀኑ የሚገድብ ሕግ አሳውጆ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ399 ዓ.ም. ከሹመቱ ወድቆ ሞት በመጣበት ጊዜ ሮጦ የያዘው ያንኑ መሠዊያ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም በሕዝቡ ፊት ገሠጸው፤ ለወታደሮቹ ግን አሳልፎ አልሰጠውም።

የካህናት ድርሻ ምንድን ነው ለሚል በሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. በሳንዲዬጎ የሆነውን እንጠቅሳለን። የካቶሊክ ጳጳስ ሚካኤል ፋም ከሌሎች የሃይማኖት አባቶች ጋር ስደተኞቹን እስከ ችሎቱ ሸኙ፤ እንደ ተዘገበው በመተላለፊያው የቆሙት ያዦች በዚያ ቀን ዘወር አሉ። ጳጳሱ ሕግ አልተላለፉም፤ ከሰው ጋር መጥተው ተቀመጡ እንጂ። በየአጥቢያችን የነፍስ አባት የሆነ ካህን ለመበለቲቱ ማመልከቻ የሚጽፍላት ሰው ሊፈልግላት፥ ከዐረብ አገር ለተመለሰችው ልጅ የቀረባትን ደመወዝ በጽሑፍ ሊያስይዝላት፥ የፈራውን ምስክር እስከ ወረዳው ፍርድ ቤት ሊሸኘው ይችላል። ቀጠሮ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ቀን ጧት ነው፤ ስለዚህ ከቅዳሴ ጋር የሚጋጭበት ቀን ብዙ አይደለም።