የንስር ጎጆና የመምህር ምሳሌ

እውነተኛውን ትምህርት እውነት ባልሆነ ምሳሌ ማስተማር ይገባልን? ጥያቄው ቀላል መስሎ ቢታይም ለሚያስተምረውም ለሚማረውም ከባድ ነገር አለበትና፥ የንስርን ጎጆ መነሻ አድርገን ልንመረምረው አስበናል።

ንስር በመምህራን ቃል አዘውትረው ከሚነሡት አዕዋፍ አንዱ ነው። በዘመናችን ስለ እርሱ ሁለት ታሪኮች ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፉ እንሰማለን። አንደኛው፥ እናቲቱ ንስር ጎጆዋን ስትሠራ ከሥር እሾህ አድርጋ በላዩ ላባ ታነጥፋለች፤ የልጆቿ መብረሪያ ሲደርስ ላባውን ታነሣዋለች፤ እነርሱም እሾሁ ሲወጋቸው ምቾቱን ትተው ይበርራሉ የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ንስር 40 ዓመት ሲሞላው መንቁሩን በዓለት ሰብሮ፥ ጥፍሩንና ላባውን ነቅሎ፥ ከአምስት ወር በኋላ ታድሶ ሌላ 30 ዓመት ይኖራል የሚል ነው። ከእነዚህ የሚወጣው ምክር፥ ይኸውም ከምቾት መለየትና በንስሐ መታደስ፥ መልካም ነው። ነገር ግን ንስሩ በእውነት እንዲህ ያደርጋልን?

ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በስሜን ተራሮችና በደብረ ሊባኖስ ገደሎች ሽኮኮ እያደነ የሚኖረውን ጥቁር ንስር መመልከት ይበቃል። ተባዕቱና እንስቲቱ ተባብረው ደረቅ እንጨት አንድ በአንድ እየተሸከሙ በገደሉ እርከን ላይ ይከምራሉ፤ መካከሉንም ጎድጎድ አድርገው ለምለም ቅጠል ያነጥፉበታል። አሮጌውን ጎጆ ደጋግመው ስለሚያድሱት ወርዱ እስከ ሁለት ሜትር ይደርሳል። እንቁላሉ ከተፈለፈለ በኋላ እንኳ ለምለም ቅጠል መጨመሩን አይተዉም። እንግዲህ ልጅን በእሾህ ለማስወጋት ምንጣፍ ማንሣት የንስር ጠባይ አይደለም። ልጁ በጎጆው ላይ ቆሞ ክንፉን ሲያራግብ ይሰነብትና፥ በተወለደ በሦስት ወር ገደማ ይበርራል። በኦሪት ዘዳግም ያለው የሙሴ መዝሙርም በልጆቿ ላይ ስለምታንዣብብና በክንፏ ስለምትሸከም ንስር ይናገራል እንጂ ስለ እሾህ የሚለው ነገር የለም።

መንቁሩም ጫፉ ሲያልቅ ከሥሩ እያደገ የሚተካ ነው፤ ላባውንም የሚለውጠው ጥቂት በጥቂት ነው። መንቁሩን ቢሰብር መብላት፥ ላባውን ሁሉ ቢነቅል መብረር ተስኖት፥ አምስት ወር ሳይሞላው በራብ በሞተ ነበር።

ከዚህም የሚከብድ ነገር በዚያው ጎጆ ይገኛል። ጥቁር ንስር ብዙ ጊዜ ሁለት እንቁላል በጥቂት ቀናት ልዩነት ትጥላለች። ቀድሞ የተፈለፈለው ታናሹን በመንቁሩ እየደበደበ ይገድለዋል፤ ሁለቱ አብረው ማደጋቸው እጅግ ብርቅ ነው። ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር፥ በማቶቦ ኮረብታዎች፥ ቫለሪ ጋርጌት የተባለች ተመራማሪ እነዚህን ንስሮች ለብዙ ዓመታት ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ እነርሱ መጽሐፍ አሳትማለች። በአንድ ጎጆ ታላቁ ታናሹን በሦስት ቀን ውስጥ 1569 ጊዜ ሲነክሰው ቆጥራለች። ይህም የሚሆነው ምግብ ሳይጎድል፥ ወላጆቹም ሳይከለክሉ ነው። ስለዚህ ሊቃውንተ ተፈጥሮ ጠባዩን በቃየል ስም ሰይመውታል። ሁለተኛው እንቁላል የመጀመሪያው ቢበላሽ ምትክ እንዲሆን ነው ይላሉ።

ምናልባት፥ «ምእመናን ከተጠቀሙ የንስሩ ታሪክ እውነት ባይሆን ምን ይጎዳል?» የሚል ሰው ይኖራል። የሚጎዳው ይህ ነው፤ ዛሬ ሕፃናት ሳይቀሩ ስለ አዕዋፍ ጠባይ በትምህርት ቤት ይማራሉ። መምህሩ በዓይን በሚታየው ነገር ሐሰት ሲናገር ያገኘው ተማሪ፥ በማይታየው ነገር እንዴት ያምነዋል? ምሳሌው ሲወድቅ የተሸከመውን ትምህርት ይዞ ይወድቃል። ደግሞም ፈጣሪ በፍጥረቱ የጻፈውን ትቶ ያልጻፈውን ማንበብ ፍጥረትን አለማክበር ነው።

«የቀደሙት አባቶችስ፥ ከጽርዕ ወደ ግዕዝ በተተረጐመው በፊሳልጎስ መጽሐፍ፥ ንስር እንደሚታደስ ይናገሩ የለምን?» ቢባል፥ እነርሱ ምሳሌውን ያመጡት ለምስጢሩ ነው፤ አንባቢውም በምሳሌነቱ ይቀበለዋል። ዛሬ ግን «ጠቢባን መርምረው አረጋገጡ» ብሎ ያልተመረመረውን የሚናገር ሰው ምሳሌ መሰለ አይባልም፤ በሐሰት መሰከረ ይባላል እንጂ።

ታዲያ ወንድም ወንድሙን የሚገድልበትን ጎጆ ምን እናድርገው? ልንሸሽገው አይገባንም፤ ትልቅ ነገር ያስተምረናልና። ፍጥረት የሚያደርገው ሁሉ ለሰው ሕግ ቢሆን ኖሮ፥ ወንድሙን የገደለ ሁሉ ንስሩን ምስክር አድርጎ በተከራከረ ነበር። የንስሩ ጫጩት ትእዛዝ አልተሰጠውምና አይወቀስም፤ «ወንድምህ ወዴት ነው?» ተብሎ የተጠየቀው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የፍጥረት ጠባይ መብራት ይሆነናል እንጂ ዳኛ አይሆነንም። የምንከተለውንና የምንርቀውን የሚለዩልን ትእዛዝና ሕሊና ናቸው።

ደግሞም እውነተኛው ንስር ከታሪኩ ንስር ይልቅ ለመምህር ይመቻል። በ40 ዓመት አንድ ጊዜ ከሚሆን መታደስ ይልቅ፥ መብረሩን ሳያቋርጥ ላባውን አንድ በአንድ የሚለውጠው ንስር ለዕለት ዕለት ንስሐ የቀረበ ምሳሌ ነው። በእሾህ ከምታባርር እናት ይልቅ፥ ያረጀውን ጎጆ እንጨት በእንጨት፥ ቅጠል በቅጠል የሚያድሱት ባልና ሚስት ቤትን ስለ ማጽናት ያስተምራሉ። እንግዲህ ምሳሌ የምንሻ ሁሉ፥ ከመናገራችን አስቀድመን ወደ ገደሉ ቀና ብለን በትዕግሥት እንመልከት፤ ያየነውንም እንናገር።