እናቶቻችሁን ይዛችሁ ወደ ዘጌ ተሻገሩ

ልጆቼ፣ ባሕር ዳር ፋሲሎ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ፣ ጣናን ጠዋት ማታ የምታዩ፣ ዘጌን ግን አንድ ቀን እንኳ ያልረገጣችሁ ብዙ ናችሁ። አልፈርድባችሁም። ቅርብ ያለ ቦታ ሁልጊዜ ነገ የሚደረስበት ይመስላል። ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ ጀልባ ትከራያላችሁ፤ ዘመድ ከውጭ አገር ሲገባ ሐይቁን ታሳያላችሁ። ወልደው ያሳደጓችሁን እናት፣ ትምህርት ቤት የገቡትን ልጆቻችሁን ይዛችሁ አብሮ መዋል ግን ዛሬ ነገ ሲባል ዓመት ያልፋል። አንድ ቀን ስጡ፤ ቤተሰቡን በሙሉ ይዛችሁ ውጡ፤ ስትወጡም እናታችሁን አስቀድሙ።

አስቀድሙ ያልሁበት ምክንያት አለኝ። የጣና ገዳማት ሥዕሎች ፊደል ያልቆጠረውም ሕዝብ እንዲያስተውላቸው የተሣሉ ናቸው። ተአምረ ማርያም ሲነበብ ቆመው እየሰሙ፣ የቅዱሳኑን ገድል ከቄሱ አፍ እየያዙ ያደጉ እናቶች ያን ግድግዳ እንደ መጽሐፍ ያነቡታል። እናንተ ዲግሪ ይዛችሁ "ይኼ ደግሞ ማን ነው?" የምትሉትን ቅዱስ እርሳቸው ገና ከበሩ ላይ ስሙን ጠርተው ይሳለሙታል። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ጣናን ዞሮ፣ ደሴቶቹን እየረገጠ፣ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1936 አሳትሟል። ድካሙን አከብርለታለሁ። ባዕድ ሰው ግን ሥዕሉን የሚተረጉምለት መፈለግ ግድ ነው። የእናንተ አስተርጓሚ እቤታችሁ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው።

ቦታ ስትመርጡ መጀመሪያ "ሁላችንም እንገባለን ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ክብራን ገብርኤል ለከተማችን ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ሴት አይገባበትም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚሁ ነው። ዳጋ የዐፄ ፋሲልን ጨምሮ የነገሥታት አስከሬን ያረፈበት ታላቅ ገዳም ነውና ወንዶቹ ሌላ ጊዜ ለብቻቸው ይሂዱበት። እናትና ሚስት ጀልባ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁበት ጉዞ የቤተሰብ ጉዞ አይባልም። እንጦስ ኢየሱስ ሴቶች ይገባሉ። እናታችሁን ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ ደግሞ ደብረ ማርያም አለችላችሁ፤ ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አጠገብ ናት፣ ሜዳ ናት፣ ዳገት አያስወጣም።

ጎንደር እንሂድ የምትሉም ትኖራላችሁ። ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዐፄ ፋሲል የቆረቆሩትን ከተማ፣ ግቢውን፣ መዋኛውን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ማለት ልጆቹን መኪና ውስጥ ማስተኛት ነው። ለጎንደር አዳር ያዙላት። ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ለአንድ ቀን ይመቻል፤ ብቻ ውኃው ለመብራት ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ የምታዩት ፏፏቴ የቀጠነ ነው፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሂዱ። የድሮውን የድንጋይ ድልድይም በዚያው ተሻገሩት።

የእኔ ምርጫ ግን ዘጌ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሁሉም ይገባል፤ ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ዳገትም እያረፉ ለሚወጡት ከባድ አይደለም። ሙስሊም ጎረቤት ካላችሁ አብራችሁ ጋብዟቸው፤ እንግዳ ሆኖ፣ ጫማውን አውልቆ፣ አክብሮ ለሚያይ ሰው በሩ አይዘጋም።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ውጭኛው ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መካከሉ ባለ አራት ማዕዘን መቅደስ። ሥዕሎቹ ያሉት በዚህ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ብዙዎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው። ልጆቹን በቀስታ አዙሯቸው። አንድ ነገር ብቻ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ ጻድቅ የሆነ ሰው ሙሉ ፊቱ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ፤ ክፉ ሰው ግን በጎን ይሣልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ካወቁ በኋላ ማንም ሳይነግራቸው ወታደሩን ከሰማዕቱ ራሳቸው ይለያሉ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው ለተጠማች ወፍ የዓይናቸውን ውኃ ሲያጠጡ ሕፃን ያየ እንደሆነ ስንት ጥያቄ እንደሚጠይቅ ታያላችሁ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ለምን እንደቆሙም ይጠይቃል። ያን ጊዜ ዝም በሉና እናታችሁ ይመልሱ።

በላዔ ሰብ ዘንድ ስትደርሱ ግን ቁሙ። የቅምር ሰው ነበር፤ እንደ አብርሃም እንግዳ የሚቀበል ደግ ሰው። ሰይጣን በእንግዳ ተመስሎ መጣና ልጅህን እረድልኝ አለው፤ አረደው፣ ከሥጋውም ቀመሰ። ከዚያ ወዲያ የሰው ሥጋ እንጂ ሌላ አልበላ ብሎ 78 ነፍስ በላ። አንድ ቀን በሽተኛ ምስኪን በውኃ ጥም ሲቃጠል አገኘ። ምስኪኑ በእግዚአብሔር ስም ለመነው፣ በጻድቃን ስም ለመነው፤ እምቢ አለ። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ተቀመጠች፤ በአንድ በኩል 78 ነፍስ፣ በሌላው በኩል ያቺ ጥርኝ ውኃ። እመቤታችን ጥላዋን ጣለችበትና የውኃው ወገን ደፋ። ሠዓሊው ሰው ሲበላም፣ ውኃውን ሲሰጥም፣ ሚዛኑንም በተርታ አስቀምጦታል። ስሙ ኪዳነ ምሕረት በሆነ ቤተ ክርስቲያን ይህ ታሪክ መሣሉ በአጋጣሚ አይደለም፤ ቃል ኪዳኑ የሚዘከረው የካቲት 16 ሲሆን ይህም ታሪክ በዚያ ቀን ይነገራል። ልጆች ይፈራሉ ብላችሁ አትዝለሉት። እኛም ፈርተን ነው የያዝነው። "እንዴት በጥርኝ ውኃ ይማራል?" ብሎ የሚከራከራችሁ ልጅ ካጋጠማችሁ ተከራከሩት፤ ሊቃውንቱም ይህንኑ ሲያመሰጥሩ ኖረዋል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ስትወጡ ጫካውን አሳዩአቸው። በዘጌ በአባቶች ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ፣ ከብት ማርባት የተከለከለ ነው፤ ሰዉ የኖረው በቡናው፣ በጌሾው፣ በሎሚው ነው። ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ተክለው እነዚህ ሦስቱ እንደበቀሉ አባቶች ይናገራሉ። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሲራቆት ዘጌ በደን የተሸፈነው በዚህ ሥርዓት ነው፤ ጣናም በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግበው ይህ ደን አብሮ አለ። ልጃችሁ በክፍል ውስጥ ስለ ደን መጨፍጨፍ ሲማር የሚያስበው ሥፍራ ይኑረው።

አሁን ስለ ጉዞው። ከሁሉ በፊት የመንገዱንና የሐይቁን ሰላም ጠይቁ፤ ሰላም አይደለም ከተባላችሁ ቅሩ፣ ዘጌ የትም አትሄድም። ጠዋት በማለዳ ተነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም ሕፃናትን ያስደነግጣል። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋውን ከመጠበቂያው ጋር ጨርሱ፤ ለልጆቹም ለእናታችሁም የሚሆን የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ። መንገድ ላይ የደንገል ታንኳ ስታዩ ባለጀልባው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ንገሩት፤ ማዕበላችሁ ሰውዬውን ያንገላታዋል። የነገደ ወይጦ ሰዎች ያን ታንኳ ከደንገል እየጠፈሩ ስንት ዘመን እንደሠሩትም ለልጆቹ ንገሯቸው።

ወር በገባ በ16ኛው ቀን ቅዳሴና ሕዝብ ስለሚበዛ ሥዕል ለማየት አይመችም፤ ለበረከት ከሆነ ግን በዚያው ቀን ሂዱ። ነጠላ ያዙ። ውስጥ ገብታችሁ በስልካችሁ ብልጭታ አታንሡ፤ የሥዕሉን ቀለም ይጎዳል። ዕቃ ቤቱን የሚያሳዩአችሁን አባት ስለ ዘውዶቹና ስለ ብራናዎቹ ጠይቋቸው፣ ሲናገሩም አታቋርጧቸው። በሶና ዳቦ ቆሎ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ የውኃ ፕላስቲካችሁን ግን መልሳችሁ አምጡ። ከልጆቹ ጋር በመንገድ ዳር የሚሸጡትን ትንሽዬ ታንኳ ግዙ፤ ለሻጮቹ እንጀራቸው ነው፣ አትከራከሯቸው።

አዝዋ ማርያምንም በዚያው ልጨምር የሚል አይጠፋም። አታብዙት። አንድ ቤተ ክርስቲያን በደንብ አይታችሁ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ፣ እናታችሁ ያስታወሱትን እንዲያወሩ ጊዜ ስጧቸው። ልጆቹ ሲጠይቁና አያታቸው ሲመልሱ በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅረጹት። ፎቶ ሁሉም ያነሣል፤ ድምፅ ግን የሚቀርጽ ጥቂት ነው።

እናታችሁ ዛሬ ዳገት መውጣት የሚችሉ ከሆነ ለከርሞ አትበሉ። ዝናቡ እንዳቆመ ውሰዷቸው።