ተስማሚው የወሊድ መከላከያ የትኛው ነው?

«ከወሊድ መከላከያዎች የትኛው ይሻላል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ በቁጥር የሚገኝ ይመስላል። ክንድ ላይ የሚቀበረውን ከሚጠቀሙ 100 ሴቶች በዓመት ውስጥ አንዲት እንኳ አታረግዝም ለማለት ይቻላል፤ ሉፕም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የሦስት ወር መርፌ፣ ቀጠሮ እየተዛነፈ በሚወሰድበት በዕለት ተዕለት ኑሮ፣ ከ100 ሴቶች 4 ያህሉ ያረግዙበታል፤ በእንክብል 7 ያህሉ፣ በኮንዶም 13 ያህሉ። ታዲያ ነገሩ አለቀ፣ ለሁሉም ይቀበርላቸው? አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው መድኃኒቱ እርግዝናን ስለ መከልከሉ ነው። ከሴቲቱ ኑሮ ጋር ስለ መስማማቱ ምንም አላለም።

ለምሳሌ የደምን ነገር እንመርምር። መርፌውም የሚቀበረውም የወር አበባን ልማድ ይለውጣሉ፤ አንዷ ጨርሶ ይቀርባታል፣ ሌላዋ ለሳምንታት ጠብ ጠብ ይልባታል። የሕክምና መጻሕፍት ይህን ለጤና የማያሰጋ ለውጥ ይሉታል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅና በአምባሰል፣ ሙስሊሟ በወር አበባዋ አትሰግድም፣ አትጾምም፤ ክርስቲያኗ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፣ አትቆርብም። ደሟ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሄድ የማታውቅ ሴት ረመዷኗን ወይም ፍልሰታዋን በምን ልትቆጥር ነው? ለጤና ጣቢያዋ ነርስ ቀላል የሆነው ለሴቲቱ የአምልኮ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ መድረሳው ከጤና ጣቢያው ቀድሞ አስቦበታል። የእስልምና ሕግ የወር አበባን ከልማድ ውጭ ከሚፈስ ደም ይለያል፤ ሁለተኛው፣ ኢስቲሓዳ የሚባለው፣ ሶላትን አይከለክልም፤ ሴቲቱ ለየሶላቱ ውዱእ አድርጋ ትሰግዳለች። ይህን ሸሁ ያውቁታል፤ መድኃኒቱን ነርሷ ታውቀዋለች። ሁለቱ ግን ስለዚህ ነገር ተገናኝተው ሲያወሩ እምብዛም አይሰማም። ሆርሞን የሌለበት የመዳብ ሉፕ ደግሞ ደምና ቁርጠት ሊያበዛ ቢችልም፣ ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ወሩን ይጠብቃል። ቀኗን ለማወቅ የምትሻ ሴት ይህን ብትሰማ ምርጫዋ ሌላ በሆነ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

«ብዙ ሰው የመረጠው እርሱ ተስማሚ ነው» የሚል ሙግትም አለ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ካገቡ ሴቶች 35 በመቶው ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ ከእነዚህ 35ቱ ውስጥ 23ቱ መርፌ፣ 8ቱ የሚቀበረውን፣ ሉፕና እንክብል እያንዳንዳቸው 2 ያህል። በአማራ ክልል ጠቅላላው 47 በመቶ ነበር። መርፌ ለምን እንዲህ ገነነ? ቅርብ መሆኑ አንድ ምክንያት ነው። ሌላው ግን መርፌ ምልክት አለመተዉ ይመስለኛል፤ ትራስ ሥር የሚገኝ ፓኮ የለውም፣ ክንድ ላይ የሚዳሰስ ነገር የለውም። እንዲህ ከሆነ ብዛቱ የሚመሰክረው ስለ መርፌው ብቻ ሳይሆን፣ ባልና ሚስት ስለማይነጋገሩበት ቤትም ነው።

ስለ ባል ፈቃድ የሚከራከሩ ወንዶች የቀድሞዎቹን ሊቃውንት ቢጠይቁ ይደነቁ ነበር። ባል ዘሩን ከውጭ የሚያፈስበትን፣ አዝል የሚባለውን ልማድ፣ አብዛኞቹ የሕግ ሊቃውንት የፈቀዱት ሚስት ስትስማማ ነው። ፈቃዷን የሚጠይቀው እርሱ ነበር ማለት ነው! «እንግዲያው እርሷም የእርሱን ትጠይቅ» የሚል ይኖራል። መመካከሩን እቀበላለሁ፤ ፈቃድ መለመኑን ግን አልቀበልም። በምጥ የሚሞተው ባል አይደለምና ሚዛኑ እኩል አይሆንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35ም የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘትን መብት የሰጠው ለሴቶች ነው። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ለሚሉትም መልሱ አጭር ነው፤ ዕድሉ የልጁ ይሁን፣ የሚከፋፈለው መሬት ግን የአባቱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው የመተው ጉዳይ ነው። መርፌ ያቆመች ሴት እስክታረግዝ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ 10 ወር ያህል ይወስዳል። «መርፌ መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ሥሩ ይህ መዘግየት ይመስለኛል፤ ወሬው ሐሰት ነው፣ መዘግየቱ ግን እውነት ነው። በመጪው ዓመት መውለድ ለምታስብ ሙሽራ ይህን ሳይነግሩ መርፌ መስጠት ማታለል ነው። የሚቀበረው ሲወጣ ፅንስ ቶሎ ሊይዝ ይችላል፤ ታዲያ ማን ያውጣው? ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቀበሌው ጤና ኬላ መቅበር ሲጀምሩ፣ ማውጣቱ ለጤና ጣቢያ ነበር የተተወው። በአምባሰል ገደላገደል ላይ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም፤ ለመግባት ደጃፍ፣ ለመውጣት የቀን መንገድ።

በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች አካባቢውን ይዘው የደቡብ ወሎ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ ደግሞ ሌላ መመዘኛ ታየ። በየሦስት ወሩ ቀጠሮ ያላት ሴት የምትሄድበት አጣች፤ ክንዷ ላይ የተቀበረላት መጋዘን አልፈለገችም። ግን እርሷም ላስወጣ ብትል ኖሮ የሚያወጣላት አልነበረም። መንገድና የመድኃኒት አቅርቦት የሚስማማውን ከማይስማማው ይለያሉ፤ ይህ ግን በምክር ጠረጴዛ ላይ ሲነሣ አይሰማም።

እኅቴ፣ ጤና ኬላ ስትገቢ «የትኛው ይሻላል?» አትበይ። ደሜን ምን ያደርገዋል፣ ስተወው መቼ እወልዳለሁ፣ ላስወጣ ብል ማን፣ የት፣ በየትኛው ቀን ያወጣልኛል በይ። መልሱን ሳትሰሚ ክንድሽን አትዘርጊ።