ለጽዋው ማን ይጠየቃል?

በኬንያ የኪኩዩ ብሔረሰብ ሽማግሌ ሙራቲና የተባለውን መጠጥ ከቀንድ ዋንጫ ከመጎንጨቱ በፊት ጥቂት መሬት ላይ ያፈስ ነበር፤ የሙታን አባቶች ድርሻ ነው። ከማር ወይም ከሸንኮራ አገዳ የሚጠመቀው ይህ መጠጥ ጥሎሽ ሲሰጥና ሽማግሌ ሲሰበሰብ አይቀርም፤ ወጣት ግን እንዳሻው አይጠጣውም ነበር።

ናይሮቢ ሌላ ሥርዓት አመጣች። እ.ኤ.አ. በ1922፣ አዲስ አበባ የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን ባገኘችበት ዓመት፣ ጆርጅና ቻርልስ ኸርስት የተባሉ ወንድማማቾች የኬንያን ቢራ ፋብሪካ አቋቋሙ። በዓመቱ ጆርጅን ዝሆን ገደለው፤ አርማው ዝሆን የሆነው ተስከር ቢራ መታሰቢያው ነው። ጥቁር ኬንያዊ ግን የጠርሙስ ቢራ እንዲጠጣ የተፈቀደለት በ1947 ነው። እስከዚያ ሕጋዊ ድርሻው እንደ ፑምዋኒ ባሉ ሰፈሮች ማዘጋጃ ቤቱ የሚሸጠው የአገሬው ጠላ ነበር። በመንደሩ ጽዋ የሚባርክ አዛውንት ከተማ ሲገባ እንደ ልጅ ተቆጠረ። አንድ ጠርሙስ ቢራ የእኩልነት ጥያቄ ቢሆን ምን ይደንቃል?

ሁሉም ግን ጠርሙሱን አልተመኘም። በ1930ዎቹ ከሩዋንዳ ተነሥቶ ኬንያ የደረሰው የምሥራቅ አፍሪካ መንፈሳዊ መነቃቃት ተከታዮቹን ከመጠጥ ፈጽሞ አራቀ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ክርክሩ እንግዳ አይደለም፦ በማኅበር ጠላ የሚጠጣው ኦርቶዶክስ የቃናን ሰርግ ይጠቅሳል፣ ጴንጤ ጎረቤቱ ደግሞ ስለ ስካር የተጻፈውን። ሁለቱም ግን ስለ መጠጡ ሲከራከሩ ቀጂውን ይረሳሉ።

በሐበሻ ቤት አሳላፊዋ ጠላውን ለእንግዳ ከማቅረቧ በፊት ከመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። መርዝ ቢኖርበት መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። የኪኩዩው ሽማግሌ ለሙታን፣ አሳላፊዋ ለእንግዳዋ፣ የመነቃቃቱ አማኝ ደግሞ ኃጢአቱን በጉባኤ ለሚናዘዝላቸው ወንድሞቹ ተጠያቂዎች ናቸው። ሃይማኖታቸው ቢለያይም ሦስቱም ብቻቸውን አይደሉም።

በኅዳር 2000 ግን ሙኩሩን በመሰሉ የናይሮቢ ድሃ ሰፈሮች ሜታኖል የገባበት አረቄ ከ100 በላይ ሰው ገደለ፤ ብዙዎችንም አሳወረ። ቻንጋአ የሚባለው አረቄ ከ1980 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነበር። ክልከላው ጠጪውን አላስቀረም፤ ቀጂውን ግን ከዓይን ሰወረው፣ የሚቀምስለትም ጠፋ።

በ2010 የወጣው ሕግ ቻንጋአን ፈቅዶ የመጠጥ ቤቶችን ሰዓት ወሰነ፦ በሥራ ቀናት ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት። ከዚያ በፊት በ2004 መንግሥት ታክስ ቀንሶ ሴናተር የሚባል ርካሽ የበርሜል ቢራ ለድሃው እንዲደርስ አድርጎ ነበር። በ2013 ታክሱን መልሶ ሲጭን ሽያጩ ወደቀ፤ በግንቦት 2014 ሕገ ወጥ አረቄ በተለያዩ አውራጃዎች እንደገና ገደለ። የሚጠጣበትን ሰዓት የሚወስን፣ ከሚጠጣውም ታክስ የሚሰበስብ መንግሥት፣ እንደ አሳላፊዋ መዳፉን ይዘረጋል ወይ ነው ጥያቄው።