የተዋናይቷ ሳሙና

ወልድያ ሱቅ ውስጥ የምናውቀውን ሉክስን ሊላ ቺትኒስ የተባለች የህንድ ፊልም ተዋናይት በ1941 እ.ኤ.አ. አስተዋውቃዋለች፤ ከሀገሯ ተዋንያን የመጀመሪያዋ ነበረች። የ1994 የዓለም ቆንጆ አይሽዋርያ ራይም በ2003 የሎሪያል አምባሳደር ሆነች።

ታዲያ «እሷ ምን ትቀባለች?» ብለን ስንፈልግ የምናገኘው ምርጫዋን ነው ወይስ ውሏን? ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ ስልካችሁ ላይ «ለእርስዎ የተመረጠ» የሚለው ሳጥንም ማን እንደከፈለበት ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም። ውሸታም ናት ማለት ግን ይከብደኛል፤ ሳሙናውን ከልቧ ትወደው ይሆናል። ችግሩ፣ ክፍያው ካለ መውደዷን የምናጣራበት መንገድ የለንም።

ሀብሩ ያለችው አክስቴ በርበሬ ከማን እንደምገዛ ስትነግረኝ አምናታለሁ፣ ነጋዴው የአጎቷ ልጅ ቢሆንም። ዝምድናውን አልደበቀችኝም፤ በርበሬው ቢበላሽ ደግሞ እዚያው ጓዳዋ ገብቼ እወቅሳታለሁ።