አያ ጅቦ ለምን አይሞትም?

በተረታችን ውስጥ አንድ የማይሞት ፍጡር አለ፤ እርሱም አያ ጅቦ ነው። በአንዱ ማታ ጦጣ ታታልለውና ገደል ይገባል፤ በሌላው ማታ አንበሳ ይሰብረዋል፤ በሦስተኛው ቀንድ ሲነክስ ጥርሱ ይወልቃል። በማግስቱ ግን ምንም እንዳልሆነ ሆኖ፥ እንደ ልማዱ እያነከሰና እየተራበ፥ ከተረቱ በር ላይ ይቆማል። ሕፃን ልጅ «ትናንት ሞቶ የለም እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ ተራቹ «ይሄ ሌላ ጅብ ነው» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን ዛሬ ማለፍ አንፈልግም። ክፉው ለምን ይመለሳል? የሚመልሰውስ ማን ነው? ጥያቄውን ሐረር ላይ ሆነን እናነሣዋለን፤ ስለ ጅብ ከሐረር ይበልጥ ያሰበ ከተማ መኖሩን እንጠራጠራለንና።

በመጀመሪያ ነገሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን እናስረዳ። የእንግሊዙ ቢቢሲ «ዶክተር ሁ» የተባለውን ተከታታይ የሳይንስ ልብ ወለድ በቴሌቪዥን ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1963 ነው። በወሩ ዳሌክ የሚባሉ፥ በብረት ቅርፊት ውስጥ የሚኖሩ፥ ርኅራኄ የማያውቁ ፍጡራን ብቅ አሉ። ደራሲው ቴሪ ኔሽን የናዚዎችን ነገር በአእምሮው ይዞ ነበር የጻፋቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ ፈጣሪያቸው ዳቭሮስ መጣ። እርሱም ስካሮ በምትባል ፕላኔት ካሌድና ታል የተባሉ ሁለት ወገኖች ለብዙ ዘመን ሲፋጁ «ወገኔን አድናለሁ» ብሎ የተነሣ፥ አካሉ የተጎዳና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሳይንቲስት ነው። ርኅራኄ ድክመት ነው ብሎ ከፍጡራኑ ውስጥ አወጣው። በመጨረሻ ፍጡራኑ በራሱ ላይ ተነሡ፤ ርኅራኄን አላስተማራቸውምና እርሱንም አልማሩትም። አለቀለት ተባለ። በ1979 ተመለሰ። በ1984፥ በ1985፥ በ1988 ተመለሰ። 20 ዓመት ጠፍቶ ቆይቶ በ2008 ተመለሰ፤ በ2015 እንደገና። እንዲያው አያ ጅቦን በሌላ ፕላኔት ያየነው ያህል ነው።

«ተመልካች ስለሚወደውና ገንዘብ ስለሚያመጣ ነው የሚመልሱት» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ዳሩ ግን ይህ ጥያቄውን አንድ እርምጃ ገፋው እንጂ አልመለሰውም። ተመልካቹስ ለምን ይወደዋል? የእኛ መልስ ይህ ነው፤ ክፉው የሚመለሰው የእኛን ሸክም ስለሚሸከምልን ነው። ሆዳምነት የእኛ ነበር፤ ለአያ ጅቦ ሰጠነው። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ስንል ቀንድ የነከሰ ጅብ አይተን አይደለም፤ የቸኮለ ሰው አይተን ነው። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ስንልም የምንስቀው በጎረቤታችን ነው፤ አንዳንዴም በራሳችን። እስከዚህ ድረስ ተረቱ ጉዳት የለውም። እንዲያውም ነውራችንን ሳናፍር እንድናየው ይረዳናል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ተረቱ ከእሳት ዳር ተነሥቶ መንገድ ሲሄድ ነው። የመጀመሪያው ተጎጂ እንስሳው ራሱ ነው። ጅብ ፈሪ፥ የሰው ትርፍ ለቃሚ ሲባል ኖሯል። ሃንስ ክሩክ የተባለ ተመራማሪ ግን በታንዛኒያ፥ በሴሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ፥ ጅቦችን ሌሊት ለሌሊት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው መጽሐፍ ነጠብጣቡ ጅብ አብዛኛውን ምግቡን ራሱ አድኖ እንደሚገድል አሳየ። በንጎሮንጎሮማ ብዙ ጊዜ ቀማኛው አንበሳው ነው። በአገራችንም በትግራይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አለ፤ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤት ሲዘጋና አጥንት ሲጠፋ ጅቦች ወደ አህያ ይዞራሉ፤ ጾሙ ሲፈታ ወደ ወትሮው ይመለሳሉ። ይህ ክፋት ከተባለ፥ በቅበላ የሚገባና በፋሲካ የሚወጣ ክፋት ነው! እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የመቐለ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ጥምብ ከከተማው እንደሚያጸዱና አባ ሰንጋን ከመሳሰሉ በሽታዎች እንደሚከላከሉ አስልቷል። ለዚህ ሁሉ ሥራ የከፈልነው ደመወዝ ስድብ ነው።

ሁለተኛው ተጎጂ ሰው ነው፤ የነገሩ ፍሬም እዚህ ላይ ነው። በአገራችን በብዙ ቦታ ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸክላ የምትሠራው፥ ቆዳ የሚፍቀው ሰው «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል» ሲባል ኖሯል። ቤተ እስራኤላውያንም በጎንደርና በአካባቢው በዚሁ ስም ተገፍተዋል። ነገሩን ረጋ ብለን እንመርምረው። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ማረሻውን የሚሠራለት ቀጥቃጩ ነው። ቤት ያለ ድስትና ያለ ጀበና አይቆምም፤ የምትሠራው ሸክላ ሠሪዋ ናት። እንግዲህ ጅብ ያልነው ያለ እርሱ የማንኖረውን ሰው ነው። ስለምን? ልጅ በድንገት ሲታመም ምክንያት ይፈለጋል፤ ምክንያቱ ፊት እንዲኖረው ይፈለጋል፤ ፊቱም መሬት የሌለው፥ በዳኛ ፊት ቃሉ የማይሰማለት፥ ቢመቱት መልሶ የማይመታ ሰው ፊት እንዲሆን ይፈለጋል። ተረቱ ተሰፍቶ የተቀመጠ ቆዳ ነው፤ የጎደለው የሚለብሰው ሰው ብቻ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መሳደብን ከልክለዋል። አዋጅ ግን ገበያ ይደርሳል እንጂ እሳት ዳር አይደርስም፤ ተረቱ የሚነገረው ደግሞ እሳት ዳር ነው።

የ«ዶክተር ሁ» ሰዎችም ዘግይተው እዚሁ ጥያቄ ላይ ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 በቀረበ አጭር ክፍል ዳቭሮስ አካሉ ያልተጎዳ ሆኖ፥ ያለ ተሽከርካሪ ወንበሩ ታየ። ዋና ጸሐፊው ራስል ቲ. ዴቪስ የሰጠው ምክንያት የአካል ጉዳትን ከክፋት ጋር የማያያዝ የቆየ ልማድ መኖሩንና ያንን መቀጠል እንደማይፈልግ ነው። «ያለ ወንበሩማ ዳቭሮስ አይደለም» ብለው የተቆጡ ነበሩ። ቁጣቸው ብዙ ያስተምረናል። ርኅራኄን ከፍጡር ውስጥ ያወጣው ወንበሩ አልነበረም፤ ሐሳቡ ነበር። ሰዎቹ ግን ከሐሳቡ ይልቅ ምልክቱን ለምደው ነበር። በወንበር የምትሄድ ጓደኛችን ያንን ፊልም ስታይ ምን እንደሚሰማት ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

አሁን ወደ ሐረር እንምጣ። የጀጎል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፥ በአሚር ኑር ዘመን፥ ከተማዋ በጦርነት በተጨነቀችበት ወቅት የታነጸ ነው። ርዝመቱ 3 ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ጠላት እንዳይገባ የቆመ ግንብ ነው። ታዲያ በዚሁ ግንብ ሥር ዝቅ ብለው የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል»፥ የጅብ ቀዳዳ ይሏቸዋል። ጅብ ሌሊት በዚያ ገብቶ የጓዳውን ትርፍና የሥጋ ቤቱን አጥንት ይጠርጋል፤ ሊነጋ ሲል ወደ ዱሩ ይመለሳል። ጅኒንም ይበላልናል የሚሉ አሉ። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው በአንድ የረኀብ ዘመን ጅቦች ሰው መብላት ቢጀምሩ፥ አውሊያዎች በሐኪም ተራራ ተሰብስበው ከጅቦቹ ጋር ተዋዋሉ፤ እኛ ገንፎ እናበላችኋለን፥ እናንተ ሰው አትንኩ ብለው። ይኸው እስከ ዛሬ በዓሹራ በዓል ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ለጅብ ይቀርባል። ከግማሽ በላይ ከበላው ዓመቱ መልካም ይሆናል ይባላል። ጨርሶ ካልቀመሰው ወይም አሟጥጦ ከላሰው ግን ያሰጋል፤ ጸሎት ይደረጋል።

በዚህ ወግ ውስጥ ፍልስፍና እናያለን። ሐረር ጅብን ቅዱስ ነው አላለችም፤ ግንቡ አልፈረሰም። ሰይጣን ነው ብላም አላሳደደችውም፤ ቀዳዳው አልተደፈነም። የተራበ ነው አለች፤ እኛም እንራባለን፤ እንግዲህ ልክ እናብጅ አለች። ከክፉ ጋር ጦርነት እንጂ ውል አይገባም፤ ስለዚህ ውል የገባ ሰው በሌላው ዘንድ ክፋትን ሳይሆን ፍላጎትን አይቷል ማለት ነው። የገንፎው ሥርዓትም ይህንኑ ልክ ይጠብቃል። አለመብላት ውሉን መናቅ ነው፤ ማሟጠጥም ውሉን መብላት ነው።

ሐረርን ገነት አድርገን ማቅረብ ግን አንፈልግም። ካለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ከግንቡ ውጭ ለእንግዳ የሚታየው የጅብ ማብላት ገበያም ጭምር ነው። ከአምስቱ በሮች አንዱም በአማርኛ «ቡዳ በር» ይባላል፤ ስሙን በየቀኑ ስንጠራ ቆም ብለን የምናስብ ስንቶቻችን ነን?

«ጅብ እንስሳ ነው፤ ክፉ ሰውን ግን ገንፎ አይመልሰውም» የሚለን ጓደኛ ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ አንሸሸውም። ክፉ ሥራ አለ። የሚሠራውም ሰው ነው፤ አውቆ፥ አስቦ። ለእርሱ ቀዳዳ ሳይሆን ፍርድ ነው የሚገባው። ዳሩ ግን ፍርድና ተረት አንድ አይደሉም። ለምሳሌ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም እ.ኤ.አ. በ1543 ወይና ደጋ ላይ ተገድለዋል። በደገኛው ትረካ ግን «ግራኝ» እስከ ዛሬ አልሞተም፤ የፈረሰው ግድግዳ፥ የተሰበረው ዐምድ ሁሉ «ግራኝ ያፈረሰው» ይባላል፤ ዝናብና ዘመን የጣሉት እንኳ። ሐረር ደግሞ ኢማሙን በጀግንነት ታነሣለች። አብያተ ክርስቲያናት መቃጠላቸው እውነት ነው፤ ከዚያ በፊት የደጋው ነገሥታት ወደ ሙስሊሙ አገር መዝመታቸውም እውነት ነው። እነዚህ ቀን ያላቸው፥ ቦታ ያላቸው፥ ሠሪ ያላቸው ሥራዎች ናቸው፤ ሊመረመሩ ይችላሉ። ተረት ግን ሥራውን ይጥልና ስሙን ይይዛል፤ ስሙንም በየዘመኑ በአዲስ ሰው ላይ ይለጥፋል።

በ2010 ዓ.ም. «የቀን ጅብ» የሚለው ቃል ከፖለቲካ መድረክ ወርዶ በየታክሲው ሲነገር ይህንኑ አይተናል። ቃሉ መጀመሪያ የተባለው የሕዝብን ሀብት ለዘረፉ ባለሥልጣናት ነበር፤ ዘራፊም አልነበረም አንልም። ነገር ግን «ዘራፊ» ሲባል ምን ዘረፈ፥ መቼ፥ ከማን ተብሎ ይጠየቃል። «ጅብ» ሲባል የሚጠየቅ ነገር የለም። ዘራፊ ተፈርዶበት፥ ታስሮ፥ የዘረፈውን መልሶ ይወጣል፤ ጅብ ግን ከምን ነጻ ይወጣል? ልጁስ የማን ልጅ ይባላል? የፍርድ ክብሩ መጨረሻ ያለው መሆኑ ነው፤ የተረት ክፉ ግን መጨረሻ የለውም፤ ለዚህም ነው አያ ጅቦ የማይሞተው። ሰውን ወደዚያ ተረት ማስገባት ዕድሜ ልክ ከማሰር የከፋ ነው፤ ለልጅ ልጁ ጭምር ነውና።

አንበሳ፥ ነብር፥ ጅብና አህያ ኃጢአታቸውን የተናዘዙበትን ተረት ሁላችን እናውቃለን። ሦስቱ ስለ በሉት ሰውና ከብት እርስ በርሳቸው ተማማሩ፤ ከመንገድ ዳር ትንሽ ሣር የነጨችው አህያ ግን ኃጢአተኛ ተብላ ተበላች። ተረቱ የሚያስፈራው ጅብ ስላለበት አይደለም፤ ጥፋቱ ሳይመዘን በዳይ የሚመረጥበት ችሎት ስላለበት ነው። አንድን ሰው «ጅብ» ብለን ስንፈርድበት በዚያው ችሎት ዳኛ ሆነን ተሰይመናል ማለት ነው።

በ1975ቱ የዳሌኮች ታሪክ ዶክተሩ ሁለት ሽቦ በእጁ ይዞ ይቆማል፤ ቢያገናኛቸው ፍጡራኑ በእንጭጩ ይቀጫሉ። እጁ ግን ይዘገያል፤ ገና ላልሠሩት ሥራ ዘራቸውን ካጠፋ ከእነርሱ በምን ይለያል? በ2015ቱ ደግሞ ዳቭሮስን ሕፃን ሆኖ በጦር ሜዳ ያገኘዋል፤ ስሙን ሲሰማ መጀመሪያ ጥሎት ይሄዳል፤ ኋላ ተመልሶ ያድነዋል። ይህ ዳቭሮስን ጻድቅ አላደረገውም። ነገር ግን «ምሕረት» የምትል ቃል በፍጡራኑ ውስጥ ቀረች፤ በዚያች ቃል የአንዲት ሴት ነፍስ ተረፈች። ያን ያህል ብቻ ነው። ያን ያህል ግን ትንሽ አይደለም።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ተረቱን እንተው አንልም፤ አያ ጅቦ ይኑርልን፥ ይውደቅ፥ ይነሣ፥ ያስቀን። ሰውን በእርሱ ስም በሰማን ቁጥር ግን፥ ተናጋሪው ወዳጃችን ቢሆንም እንኳ፥ ምን ሠራ? መቼ? ማን አየ? ብለን እንጠይቅ። መልስ ካለ ወደ ዳኛ እንሂድ። መልስ ከሌለ ግን የተራበው ተናጋሪው ራሱ ነውና፥ ምን እንደራበው እንጠይቀው።